«ሥራው ያንተ አይደለም» ለተባለ ተማሪ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ዘንድሮ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከወላጆቻቸው የመጡ ናቸው። አንዷ «በኤአይ አስጽፈሻል» ተብላለች፤ ሌላው «ከጓደኛህ ኮድ ተቀባብለሃል»፤ ሌላው «የመመረቂያ ጽሑፍህ ተገልብጧል»። ክሱ ቢለያይም ብዙውን ጉዳት የሚያመጣው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው የተከሰሰበትን በጽሑፍ ሳያይ፣ የቀረበበትን ማስረጃ ሳይመረምር፣ በድንጋጤ መልስ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ የሚሟገተው ከክሱ ጋር መሆኑ ይቀርና ከራሱ ቃል ጋር ይሆናል። ለዚህ እትም አምስት ደብዳቤዎች መርጠናል። የጸሐፊዎቹንና የትምህርት ቤቶቹን ስም አላወጣንም።

«ፈርሚና ይለቅ» ተባልኩ

ነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ አሜሪካ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። የምማረው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ለሶሺዮሎጂ ኮርስ ያስገባሁትን ስድስት ገጽ ወረቀት፣ የተማሪ ጽሑፍ የሚመረምረው ተርኒቲን የተባለ ሶፍትዌር 71 በመቶው በኤአይ የተጻፈ ነው አለ። እኔ የተጠቀምኩት እንግሊዝኛ የሚያርመውን ግራመርሊ ነው። አንዳንዱን ሐሳብ ደግሞ መጀመሪያ በአማርኛ ጽፌ ነው ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት። ፕሮፌሰሯ ዜሮውን ተቀብዬ ቅጹን ከፈረምኩ ነገሩ እዚያው እንደሚያልቅ ነገረችኝ፤ ለማሰብ ሦስት ቀን ሰጠችኝ። ልፈርም?
ሐ.፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ዛሬ አትፈርሚ፤ ቀኑን ግን አታሳልፊ።

እንዲህ ያለው ቅጽ ብዙ ቦታ በአንድ ፊርማ ሦስት ነገር ይጨርሳል፤ ጥፋቱን ታምኛለሽ፣ ቅጣቱን ትቀበያለሽ፣ ይግባኝ የማለት መብትሽን ትተዪያለሽ። «እዚያው ያልቃል» ቢባልም መዝገቡ በተማሪዎች ሥነ ምግባር ቢሮ ይቀመጣል። ነገ ሌላ ክስ ቢመጣብሽ እንደ ደጋጋሚ ትቆጠሪያለሽ። ወደ ሌላ ፕሮግራም ስታመለክቺም «የዲሲፕሊን መዝገብ አለሽ ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ዜሮው ከሁሉም ትንሹ ነገር ነው።

ዛሬውኑ ለፕሮፌሰሯ አጭር ኢሜይል ላኪ። አራት ነገር ይበቃዋል፦ ወረቀቱን ራስሽ እንደጻፍሽው፤ ክሱንና ተጣሰ የተባለውን አንቀጽ በጽሑፍ እንደምትፈልጊ፤ የተርኒቲኑን ሪፖርት ሙሉውን፣ ማለትም የተቀለሙትን ዐረፍተ ነገሮች ጭምር ለማየት እንደምትጠይቂ፤ ማስረጃሽን አዘጋጅተሽ እስክትመልሺ ድረስ ቅጹን እንደማትፈርሚ። ሌላ ምንም አትጨምሪ። ከአክብሮት የተነሣ «ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» ብሎ መጀመር በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። ክሱን የሚያየው ኮሚቴ ፊት ግን እንደ እምነት ቃል ይነበብብሻል። በዚህች አንዲት መሥመር ምክንያት ንጹሕ ሆነው ሳለ የሚቀጡ ልጆች መኖራቸው ያንገበግበናል።

ከዚያ ማስረጃሽን ሰብስቢ። ጉግል ዶክስ ላይ ጽፈሽው ከሆነ «ፋይል» ውስጥ ገብተሽ «ቨርዥን ሂስትሪ»ን ክፈቺ። ወረቀቱ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንዴት እያደገ እንደመጣ ያሳያል። ቀስ በቀስ፣ እየተሰረዘና እየተጨመረ የተጻፈ ነገር አንድ ጊዜ ከተለጠፈ ስድስት ገጽ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። ሰነዱን ኮፒ አድርገሽ ኮፒውን አትላኪ፤ ኮፒ ታሪኩን ይዞ አይሄድም። ዋናውን ሳትነኪ ስክሪኑን በቪዲዮ ቅጂ፣ ወይም ለኮሚቴው ራሱን ሰነዱን አጋሪ፤ ነገር ግን ማየት ብቻ የተፈቀደለት ሰው ታሪኩን መክፈት ስለማይችል የማረም ፈቃድ መስጠት ይኖርብሻል፤ ስለዚህ ቪዲዮውን ቀድመሽ ያዢ። በወርድ የጻፍሽው ከሆነና በዋንድራይቭ ላይ በራሱ ሲቀመጥ ከነበረ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኢንፎ»፣ ቀጥሎ «ቨርዥን ሂስትሪ» ነው። ኮምፒዩተርሽ ላይ ብቻ ከተቀመጠ ይህ አይኖርም። ያኔ ለጓደኛሽ ወይም ለራስሽ በኢሜይል የላክሻቸው ረቂቆች፣ የላይብረሪ ፍለጋሽ፣ ያወረድሻቸው ጽሑፎች ቀን፣ የማስታወሻ ደብተርሽ ፎቶ ይተኩታል። ክሮም የጎበኘሻቸውን ገጾች የሚያቆየው ለ90 ቀን ያህል ነውና የጽሑፉን ሰሞን ታሪክ አሁኑኑ ፎቶ አንሺ።

የአማርኛ ረቂቁን ደግሞ እንዳትጥይው። ብዙ ተማሪ ያፍርበትና ይደብቀዋል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ግን እሱ ነው። በወረቀትም ይሁን በስልክ፣ ቀኑ የሚታይበት ረቂቅ ሐሳቡ ከማን እንደ ወጣ ይመሰክራል። የሚጠየቀው «ወደ እንግሊዝኛ የመለስሽው በምንድን ነው?» ተብሎ ነው። በራስሽ ከሆነ እንዲያው ተናገሪ። በጉግል ትራንስሌት ወይም በቻትጂፒቲ ከሆነ ግን ከመናገርሽ በፊት የኮርሱን ሲለበስ፣ ማለትም መምህሯ የሰጠችውን የኮርስ መመሪያ አንብቢ። ማሽን መጠቀም ክልክል ነው ይላል? አስታውቃችሁ ተጠቀሙ ይላል? ወይስ ዝም ይላል? ግራመርሊም እንዲሁ ነው። ፊደልና ሰዋስው የሚያርመው ክፍል አንድ ነገር ነው፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንደ አዲስ የሚጽፈው ክፍል ሌላ ነው። የትኛውን እንደ ተጠቀምሽ ለይተሽ ተናገሪ። «ምንም አልተጠቀምኩም» ብለሽ በኋላ ግራመርሊ ከተገኘብሽ፣ እውነት የሆነውም ቃልሽ አብሮ ይወድቃል።

ስለ ሶፍትዌሩ በመልስሽ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይበቃል። ተርኒቲን ራሱ ይህ ቁጥር ብቻውን ተማሪ ላይ እርምጃ ለመውሰድ መሠረት እንዳይሆን ይናገራል። ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 መሣሪያውን አጥፍቶታል፤ ምክንያቱን ሲያስረዳ በ2022 ወደ 75,000 ወረቀት እንዳስገባና ስሕተቱ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ ወደ 750 ወረቀት በሐሰት ሊወነጀል ይችል እንደነበር አስልቷል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይም የራሱን የኤአይ ጽሑፍ መለያ መሣሪያ በ2023 ሐምሌ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አንሥቶታል። ላንቺ በቀጥታ የሚጠቅምሽ ግን የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ያወጡት ጥናት ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ጽሑፎች ለሰባት መለያ መሣሪያዎች ሰጧቸው፤ መሣሪያዎቹ በአማካይ 61 በመቶ ያህሉን የማሽን ሥራ ነው አሉ። ምክንያቱም እንዲህ ነው፤ መሣሪያው የሚለካው ቀጣዩ ቃል ምን ያህል አስቀድሞ የሚገመት መሆኑን ነው። በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው የታወቁ ቃላትንና የተለመደ አገባብን ስለሚመርጥ ጽሑፉ ተገማች ይሆናል። ጥናቱ ተርኒቲንን እንዳልፈተነ አብረሽ ግለጪ። አጋንነሽ ካቀረብሽው የሚያውቅ የኮሚቴ አባል አንድ ጥያቄ ጠይቆ ያፈርሰዋል።

መልስሽ ከሁለት ገጽ አይለፍ። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አቋምሽን ተናገሪ፤ ቀጥሎ ወረቀቱ እንዴት እንደ ተጻፈ በቀን ቅደም ተከተል፤ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ የክስ ነጥብ መልስ፤ በመጨረሻም አባሪ 1፣ አባሪ 2 እያልሽ ማስረጃውን አያይዢ። ስለ ድካምሽና ስለ ቤተሰብሽ ችግር እዚህ አትጻፊ። ያልሠራሽውን ጥፋት እየካድሽ የቅጣት ማቅለያ መደርደር ያምታታል።

ኮሚቴ ፊት ከቀረብሽ የሚጠይቁሽ ስለ ተርኒቲን አይደለም፤ ስለ ወረቀትሽ ነው። ይህን ምንጭ ለምን መረጥሽ? በሦስተኛው ገጽ ያለው ቃል ምን ማለት ነው? እያንዳንዱን አንቀጽ ወረቀቱን ሳታዪ ጮክ ብለሽ አስረጂ፤ በአማርኛ ጀምረሽ ወደ እንግሊዝኛ ብትሄጂም ለልምምድ ጥሩ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መሆኑም ይረዳሻል። እ.ኤ.አ. በ1960 በአላባማ ሞንትጎመሪ ውስጥ የዘር ልዩነትን በመቃወማቸው ሳይሰሙ ከኮሌጅ የተባረሩ ጥቁር ተማሪዎች ክስ መሥርተው፣ በ1961 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ክሱን ሊያሳውቀውና ሊሰማው ይገባል ብሎ ፈርዷል። ዛሬ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያለው የመሰማት መብት ከዚያ ፍርድ ጋር የተያያዘ ነው። የግል ዩኒቨርሲቲ ግን በዋናነት የሚታሰረው ራሱ ባወጣው የተማሪዎች መመሪያ ነው።

ልጄ ኮርሱን ትቶ ይውጣ ወይ?

ልጄ በተማሪ ቪዛ ቴክሳስ ይማራል፤ ሦስተኛ ዓመት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ከአንድ ሐበሻ ጓደኛው ጋር ኮዳችሁ አንድ ነው ተብለው ተከሰዋል። ዩኒቨርሲቲው ጋ ስልክ ብደውል የሚያናግረኝ አጣሁ። ኮርሱን ቢተው ክሱ ይቀር እንደሆነ፣ ካልሆነም ሌላ ትምህርት ቤት እንዲዛወር አስቤአለሁ። ከጓደኛው ጋር ተስማምተው አንድ ቃል ቢሰጡስ?
አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጌታዬ፣ ያላናገሩዎት ንቀውዎት አይደለም። ፌርፓ የሚባለው የአሜሪካ ሕግ የኮሌጅ ተማሪን መዝገብ ያለ ራሱ ፈቃድ ለወላጅም ቢሆን ከመግለጽ በአብዛኛው ያግዳል። ክፍያውን የሚከፍሉት እርስዎ ቢሆኑም መብቱ የልጅዎ ነው። ከፈለገ የፈቃድ ቅጽ መፈረም ይችላል። ያው ሕግ ለልጅዎ ሌላ ጥቅም ይሰጠዋል፤ ስለ እርሱ የተያዘውን መዝገብ ለማየት በጽሑፍ ሲጠይቅ ትምህርት ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለበት። የክሱ ጊዜ ከዚያ ስለሚያጥር ግን ማስረጃውን በቀጥታ ከሥነ ምግባር ቢሮው ይጠይቅ።

ኮርሱን እንዲተው እባክዎ አይምከሩት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ክስ የተንጠለጠለበትን ኮርስ መተው አይፈቅዱም፤ ቢተውም ክሱ ይቀጥላል። ከዚህ የባሰው ግን ቪዛው ነው። በኤፍ-1 ቪዛ ያለ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በየሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። አስቀድሞ ሳይፈቀድለት አንድ ኮርስ ጥሎ ከዚያ በታች ከወረደ፣ በክሱ ነጻ ቢወጣም እንኳ ሕጋዊ ቆይታውን ያጣል። ስለዚህ ማናቸውንም ለውጥ ከማድረጉ በፊት በትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ያለውን ዲኤስኦ ያማክር፤ አይ-20 የሚባለውን የውጭ ተማሪ ማረጋገጫ ቅጽ የሚፈርመው ሰው ማለት ነው።

ልዩነቱን ቀድሞ ይወቀው። ዲኤስኦው ፈቅዶለት ራሱ ትምህርቱን ካቋረጠ ከአገር ለመውጣት 15 ቀን ይኖረዋል። ታግዶ ወይም ተባርሮ ከወጣ ግን መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን በሚከታተልበት በሴቪስ ያለው መዝገቡ ይቋረጣል፤ የአንድ ቀንም የእፎይታ ጊዜ የለውም። በጨረሱ ተማሪዎች የሚታወቀው 60 ቀን እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ኮሚቴው ቅጣት ሲያስብ ልጅዎ አንድ ነገር ማስረዳት ይችላል፤ ለአገሬው ልጅ የአንድ ሴሚስተር እገዳ ማለት የአንድ ሴሚስተር መዘግየት ነው፤ ለእርሱ ግን ከአገር መውጣት ነው። ይህ ጥፋቱን አያስቀርም፤ የቅጣቱን ዓይነት ግን ሊለውጥ ይችላል። እገዳ የሚያሠጋ ከሆነ ስብሰባው ከመድረሱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ለአንድ ሰዓት ማማከር ገንዘቡን የሚክስ ወጪ ነው። መዛወሩም ማምለጫ አይሆንም፤ ተቀባዩ ትምህርት ቤት የዲሲፕሊን ሁኔታውን መጠየቅ ይችላል፤ ክስ እየታየ ሳለ ትራንስክሪፕት የሚይዙም አሉ።

አሁን ወደ ኮዱ። ኮድ የሚያመሳክሩ መሣሪያዎች አሉ፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚታወቀው በ1994 የተሠራው ሞስ ነው። ሞስ የሚያሳየው የሚመሳሰሉትን መሥመሮች ነው፤ ማን ከማን እንደ ወሰደ አይናገርም። የተለዋዋጮችን ስም መቀየር አያታልለውም። ልጅዎ ሪፖርቱን ሲያይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «አስተማሪው ለሁሉም የሰጠው መነሻ ኮድ ከንጽጽሩ ወጥቷል ወይ?» ብሎ ነው። መሣሪያው ይህን ለይቶ የሚያስወጣበት አማራጭ አለው፤ ካልተጠቀሙበት ሁሉም ተማሪ ተመሳሳይ መስሎ ይታያል። ከመማሪያ መጽሐፉ ወይም ከክፍል ስላይድ የመጣ ኮድም ተለይቶ ይውጣ። ቀጥሎ የሚታየው አንድ ዓይነት ስሕተት አለ ወይ የሚለው ነው። ሁለት ሰው ትክክለኛውን መልስ በአንድ ዓይነት መንገድ ሊደርስበት ይችላል፤ አንድ ዓይነት እንግዳ ስሕተት፣ አንድ ዓይነት የተረሳ ማስታወሻ መሥመር ግን ለማስረዳት ይከብዳል። ጊት የሚባለውን የኮድ ማስቀመጫ ሲጠቀም ከነበረ ሥራውን ደረጃ በደረጃ ያስቀመጠበት መዝገብ ቀኑንና ሰዓቱን ያሳያል። ያን መዝገብ አሁን እንዳይነካው፤ ከክሱ በኋላ የተስተካከለ ታሪክ ጭራሹኑ ታሪክ ካለመኖሩ የባሰ ነው።

ቃል ማስማማቱን ግን ፈጽሞ አይሞክሩት። ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ ዝርዝሩ ላይ ይለያያሉ፤ ያኔ ሐሰት መናገር የሚል ሁለተኛ ክስ ይጨመራል። በስልክ መልእክት መስማማታቸው ከተገኘ ደግሞ ማስረጃው በእጃቸው የተጻፈ ይሆናል። ልጅዎ ኮዱን ለጓደኛው «እንድታይበት» ብሎ ልኮለት ከሆነ፣ ያንኑ ብቻ ይናገር። ማካፈልም በብዙ ቦታ ጥፋት ነው፤ ሆኖም ከመገልበጥ ይለያል፤ ቅጣቱም ብዙ ጊዜ ይቀልላል። ወንድምነት ማለት ለጓደኛ ጥፋት መሸከም እንዳልሆነ ከእርስዎ አፍ ቢሰማው ይሻላል።

ተርኒቲን 34 በመቶ አለ

አዲስ አበባ ውስጥ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ተመሳሳይነት 34 በመቶ ሆኖ ወጣ፤ ትምህርት ክፍሉ የሚቀበለው እስከ 20 ነው። «ፕላጃሪዝም ነው፣ ዲፌንስ አትገባም» ተባልኩ፤ የተነገረኝ በቃል ነው። ከፍዬ ፐርሰንቱን የሚያወርድልኝ ሰው አግኝቻለሁ። አጎቴ ደግሞ ኃላፊውን ስለሚያውቀው ሽማግሌ ልላክ ይላል።
ዳ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ 34 በመቶ ማለት ተመሳሳይነት ነው፤ ኩረጃ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ሪፖርቱ ተከፍቶ ሲነበብ ነው። 8 በመቶ ሆኖ ሁለት ገጽ የተሰረቀበት ጽሑፍ አለ፤ 40 ሆኖ አንድም የተሰረቀ መሥመር የሌለበት አለ። ስለዚህ ከአማካሪህ ጋር ተቀምጠህ ባለቀለሙን ሪፖርት ክፈተው።

መጀመሪያ ማጣሪያዎቹን ተመልከት። የዋቢ ዝርዝሩ ተቆጥሯል? በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለው ተቆጥሯል? ሦስትና አራት ቃል የሚሆኑ ጥቃቅን መመሳሰሎች ገብተዋል? የሽፋን ገጹ፣ የመሐላ ቃሉ፣ የመጠይቁ አባሪ ሁሉም ተማሪ የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ መውጣት አለባቸው። እነዚህ ሲወጡ ቁጥሩ በብዙ ይወርዳል። ቀጥሎ በቀኝ በኩል ያለውን የምንጭ ዝርዝር አንብብ። ከላይ የተቀመጠው ምንጭ የራስህ ዩኒቨርሲቲ ስም ያለበት «የተማሪ ሥራ» ከሆነና ድርሻው ከፍተኛ ከሆነ፣ ቀድሞ ያስገባኸው የራስህ ረቂቅ ሊሆን ይችላል። ረቂቅ ሲገባ በመሣሪያው ማከማቻ እንዲቀመጥ ተደርጎ ከነበረ፣ የመጨረሻው ጽሑፍህ ከራስህ ጋር ይመሳሰላል። ይህን መምህሩ ከሪፖርቱ ማስወጣት ይችላል፤ ረቂቁን ከማከማቻው ማስጠፋት የሚችለው ግን የዩኒቨርሲቲው የተርኒቲን አስተዳዳሪ ነው።

ለዚህ ነው ከፍለህ የምታሠራውን ሰው የምንፈራው። ጽሑፍህን በራሱ አካውንት ሲያስገባው ከተቀመጠ፣ ትምህርት ክፍልህ በድጋሚ ሲፈትሽ ሙሉ በሙሉ የሌላ ሰው ሥራ መስሎ ይወጣል። ቁጥሩን የሚያወርድበት ዘዴም ወይ ቃላትን በተመሳሳይ ቃል መተካት ነው፣ ይህም ጽሑፍህን ትርጉም ያሳጣዋል፤ ወይ ደግሞ የማይታዩ ፊደላትን መክተት ነው። የኋለኛውን መሣሪያው ለይቶ ምልክት ያደርግበታል። ያኔ ባለማወቅ የሚታለፈው ነገር ሆን ተብሎ የተደረገ ማታለል ይሆናል።

ከማጣሪያው በኋላ የሚቀረው እውነተኛው ሥራህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚከማቸው በተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝትና በጥናት ዘዴው ምዕራፍ ነው። ምንጩን ጠቅሰህ ቃሉን እንዳለ ወስደህ ከሆነ የጎደለው የጥቅስ ምልክት ወይም በራስ ቃል መጻፍ ነው፤ ምንጩን ዘግተህ፣ የገባህን ብቻ ከአእምሮህ ጽፈህ፣ ከዚያ ከፍተህ ማመሳከር ነው መድኃኒቱ። ምንጭ ሳትጠቅስ የወሰድከው ካለ ግን ቁጥሩ ወርዶ ቢያልፍም ጥፋቱ እንዳለ ነው፤ ለአማካሪህ ራስህ አሳየውና አስተካክለው። ሌላ ሰው ሲያገኘውና አንተ ስታሳየው እኩል አይታይም።

በቃል የተነገረህን በቃል አትመልስ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በ2011 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጅ ቁጥር 1152 ሥር ቢሆኑም፣ የጥፋቱን ትርጉም፣ የቅጣቱን ደረጃና የይግባኙን ጊዜ የምታገኘው በራሱ በዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሌጂስሌሽን፣ ማለትም በውስጥ ደንቡ ውስጥ ነው። ከሬጅስትራር ወይም ከድረ ገጹ አውጥተህ አንብበው። ከዚያ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጻፍ፦

«ጉዳዩ፦ ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሰጠኝና የተመሳሳይነት ሪፖርቱ በድጋሚ እንዲታይልኝ ስለ መጠየቅ። የመመረቂያ ጽሑፌ የተመሳሳይነት መጠን 34 በመቶ ነው በሚል ለዲፌንስ እንደማልቀርብ በቃል ተነግሮኛል። ሪፖርቱ የዋቢ ዝርዝሩንና ቀደም ሲል ያስገባሁትን ረቂቅ ያካተተ ስለሆነ እነዚህ ተለይተው እንዲታዩ፣ ውሳኔውም ከነምክንያቱና ከተጠቀሰው አንቀጽ ጋር በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ አትመህ በመዝገብ ቤት በኩል አስገባ። አንደኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትተህ ለራስህ ያዝ። ያ ማኅተም ከሌለ «አላመለከተም» ቢሉህ መልስ የለህም። ከትምህርት ክፍሉ ካልተፈታ ወደ ኮሌጁ የአካዳሚክ ኮሚሽን፣ ከዚያም ሌጂስሌሽኑ ወደሚያዝዘው የበላይ አካል ይሄዳል። የዩኒቨርሲቲው በሮች ሁሉ ከተዘጉና በደሉ አስተዳደራዊ ከሆነ፣ ለምሳሌ ማመልከቻህ ሳይመለስ ከቀረ፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል፤ የጽሑፍህን ጥራት ግን አይመዝንልህም።

ሽማግሌውን ይቅር በለው። አጎትህ በበጎ አስበው ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌ የሚላከው ለበደለ ሰው ነው። አንተ ሪፖርቱ ይታይልኝ እያልክ አጎትህ ምሕረት ሲለምን፣ ኃላፊው የሚሰማው ልመናውን ነው። ደግሞም ኃላፊው ቢረዳህ በኋላ በዘመድ አለፈ ተብሎ ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ።

በእርግጥ አጥፍቻለሁ

እንግሊዝ አገር ማስተርስ እየተማርኩ ነው። ማታ ማታ እሠራለሁ። አንዱን ሥራ በኢንተርኔት ላገኘኋቸው ሰዎች ከፍዬ አጻፍኩ፤ ተደርሶብኝ ለስብሰባ ተጠርቻለሁ። አሁን ደግሞ እነዚያው ሰዎች ተጨማሪ ገንዘብ ካልላክሽ ለዩኒቨርሲቲሽ እንነግራለን እያሉኝ ነው። ልካድ?
ስሜ ይቆይ፣ ከለንደን

መልስ፦ አትካጂ። ገንዘቡንም አትላኪ፤ አንድ ጊዜ የከፈለን ደጋግመው ይጠይቁታል። መልእክቶቻቸውን ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪና በመጀመሪያ ወደ ተማሪዎች ማኅበር የምክር አገልግሎት ሂጂ። ነጻ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የተለየ ነው፤ በብዙ ቦታ አማካሪው አብሮሽ ስብሰባ ይገባል። እንግሊዝ ውስጥ በ2022 በወጣው ሕግ ለገንዘብ ሲባል ሥራ የሚጽፉና የሚያስተዋውቁ ሰዎች ወንጀለኞች ናቸው፤ ሕጉ የሚቀጣው ሻጩን ነው። ዩኒቨርሲቲው አስቀድሞ ስላወቀ የሚያስፈራሩሽ ነገርም የለም።

እምነት ቃልሽ ልክ ይኑረው። የትኛው ሥራ፣ ምን ያህሉ፣ መቼ፣ ሌላ ሥራ አለ ወይስ የለም። ያልተጠየቅሽውን አትፈልስፊ፤ የተጠየቅሽውን አትቀንሺ። ከፍሎ ማስጻፍ ከጥፋቶች ሁሉ ከባዱ ተደርጎ ስለሚታይ ከባድ ቅጣት ሊመጣ ይችላል፤ ያን እያወቅሽ ግቢ። የቅጣት ማቅለያ የሚነሣው እዚህ ነው። «ሥራ በዝቶብኝ ነበር» ብቻውን አይበቃም፤ የሐኪም ወረቀት፣ የሥራ ሰዓት ሰሌዳ፣ በዚያ ሰሞን የደረሰ ሐዘን ካለ ማስረጃው አብሮ ይቅረብ። ለምን ጊዜ እንዲራዘምልሽ እንዳልጠየቅሽም ይጠይቁሻል፤ መልሱን ይዘሽ ሂጂ።

ውሳኔው ከብዶሽ ይግባኝ ብለሽም ካልተለወጠ፣ የዩኒቨርሲቲው ሥርዓት ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቂ። ያን ደብዳቤ ይዘሽ በ12 ወር ውስጥ ኦአይኤ ለሚባለው የእንግሊዝና የዌልስ ነጻ አቤቱታ ሰሚ ማመልከት ትችያለሽ፤ ክፍያ የለውም። እርሱ የሚመረምረው አሠራሩ ትክክል ነበር ወይ፣ ቅጣቱ ተመጣጣኝ ነው ወይ የሚለውን ነው፤ የመምህራንን የትምህርት ዳኝነት አይሽርም። በተማሪ ቪዛ ያለሽ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ትምህርት ማቋረጥሽን ለመንግሥት ያሳውቃልና የዓለም አቀፍ ተማሪዎችን ቢሮ ሳታማክሪ በገዛ ፈቃድሽ አትውጪ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተገኘ

አንደኛ ዓመት ነኝ። ፈተና ላይ ስልኬ ተዘግቶ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ፈታኙ አገኘውና ቅጽ አስፈረመኝ። አልተጠቀምኩበትም።
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ በብዙ ፈተናዎች ስልክ ይዞ መግባቱ ራሱ ጥፋት ነው፤ ስለዚህ «አልነካሁትም» የሚለው መከላከያ ክሱን ባይሽርም ከኩረጃ ወደ ደንብ መተላለፍ ያወርደዋል። የፈረምከውን ቅጽ ቅጂ ጠይቅ። ፈታኙ «ተጠቅሟል» ብሎ ጽፏል ወይስ «ተገኝቶበታል»? በሁለቱ መካከል የአንድ ዓመት ዕድሜ ሊኖር ይችላል። የተጻፈው ትክክል ካልሆነ የሆነውን በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ለትምህርት ክፍሉ አስገባ፤ ስልኩ ተዘግቶ እንደ ነበር ያዩ አጠገብህ የተቀመጡ ተማሪዎች ካሉ ስማቸውን ጥቀስ። የፈተናውን ሰዓት የጥሪና የመልእክት መዝገብ ከስልኩ ላይ አታጥፋ። ወደፊት እንዲህ ያለ ቅጽ ቢቀርብልህ ከመፈረምህ በፊት ከፊርማው አጠገብ በራስህ እጅ «ስልኩ ተዘግቶ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አልተጠቀምኩም» ብለህ ጨምር፤ ከዚያም ፈተናውን ጨርሰህ ለመውጣት ፈቃድ ጠይቅ፤ በኋላ ነጻ ብትባል የሚታረም ወረቀት እንዲኖርህ።